ወፏን እያት

«ተወግዛ ነው? ገና አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ምን በድላ ነው ከሰው የምትለየው?»

«ማንም አላወገዛትም። እባክዎ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ።»

«በዓይኔ እያየሁ! ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ብቻዋን፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ! እኛ ዘንድ እንዲህ ተለይቶ የሚቆም ንስሐ የከበደበት ሰው ነው።»

«እኛ ዘንድ ደግሞ እንዲህ የሚቀመጥ የደከመው ሰው ነው» አለች መምህርቷ ሰርካለም። «ምንጣፉም ትራሱም ለዚያ ነው። ልቧ እስኪበርድ ትቀመጣለች፤ አጠገቧ ሰው ይቀመጣል፤ ከዚያ ወደ ጓደኞቿ ትመለሳለች።»

«ታዲያ ሰውየው የታለ?»

ሰርካለም ዞር ብላ አየች። ሰው አልነበረም። ረዳቷ እትዬ ጥሩ የተነከሰውን ልጅ ክንድ ሊያጥቡ ውኃ ፍለጋ ወጥተዋል። እሷም ይህን ነጠላ የለበሰ ቁጡ ወጣት በር ላይ ለማስቆም ስትል ነበር ከምንጣፉ የተነሣችው። አሁን እሱ ያየውን እሷም አየች፤ አንዲት ትንሽ ጀርባ፣ ሁለት ቀጫጭን ሹሩባ፣ ግድግዳ። ፊቷ ጋለ።

«ነክሳለች» አለች ቀስ ብላ።

«ነክሳ ነው? ምነው ታዲያ አልተነገረኝ? ይኼ የመጀመሪያዋ ነው?»

«አይደለም። ያልነገርኩዎት ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«አለንጋውን። የቄስ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነዎት፤ ቤት ሲደርሱ የሚያደርጉትን እገምታለሁ።»

ወጣቱ የያዘውን ምሳ ዕቃ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ጠዋት የተረሳውን ሊያደርስ ነበር የመጣው። «እኔ ልጅ መትቼ አላውቅም» አለ። ቁጣው ጠፍቶ የተጎዳ ሰው ድምፅ ሆነ።

ያኔ እትዬ ጥሩ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ገቡ፤ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩ። ልጆቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው በሩን ያያሉ።

«እሰይ» አሉ። «እናንተ ስትጮኹ ልጆቹ ጸጥ ይላሉ ማለት ነው? እንዲህ ከሆነስ በየቀኑ ኑና ተጣሉልን።»

ወጣቱ ዲያቆን መዝሙር ይባላል። ከቀሐ ወንዝ ማዶ ባለ ደብር የሚያገለግል፣ አመሻሽ ላይ ለሰፈሩ ልጆች ፊደል የሚያስቆጥር፣ የመሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ የመጨረሻ ልጅ ነው። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የነበረችው ሕፃን፣ ሕይወት፣ የታላቅ እኅቱ የመቅደላዊት ልጅ ናት። አባቷ ገና ሳትወለድ ሥራ ፍለጋ መተማ እንደ ወረደ ቀርቷል። እናቷ ካለፈው ክረምት ወዲህ ቤይሩት ናት። ጠዋት ጠዋት ሕፃኗን ድልድዩን አሻግሮ መዋዕለ ሕፃናቱ ድረስ የሚያመጣት አጎቷ መዝሙር ነው።

በዚያው ቀን ማታ ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ሰርካለምን ቢሮ ጠሯት።

«የተነከሰው ልጅ የአብዮት አባት ዛሬም መጥቶ ነበር። ‹ልጄን ከሕፃናት ጋር እንጂ ከጅብ ጋር አላስመዘገብኩም› ብሎ ሄደ። ምን ልመልስለት?»

«ጊዜ ይስጡኝ።»

«ስንት ጊዜ? የሌሎቹም ወላጆች መናገር ጀምረዋል።» መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ የደከሙ ሴት ናቸው። «እስከ ጥምቀት። ከዚያ በፊት ካልተወች፣ ለቤተሰቧ ውሰዷት እላለሁ።»

ሌላ የሚቀበላት ትምህርት ቤት እንደማይኖር ሁለቱም ያውቁታል። ነካሽ የተባለች ልጅ ስሟ ከእግሯ ይቀድማል።

ሰርካለም ከዚያ ወዲያ የምታደርገው ማየት ብቻ ሆነ። ልጆቹ ሲጫወቱ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሕይወትን ታያለች። ሕፃኗ ዕቃ ሲነጥቋት አትነክስም። ሲገፏትም፣ ሲርባትም አትነክስም። አጠገቧ የተቀመጠ ልጅ ተነሥቶ ሊሄድ ሲል ግን ዓይኗ ይለወጣል፤ እጁን ትይዘዋለች፤ እጁ ካመለጣት ጥርሷ ይቀድማል። አብዮት ከሁሉ በላይ የተነከሰው ስለሚጠላት አልነበረም። አብዮት አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ልጅ ስለሆነ ነበር።

አንድ ጠዋት ቀደም ብላ ወጥታ አጥሩ ጥግ ቆመች። መዝሙር ሕፃኗን አዝሎ መጣ። በሩ ላይ አወረዳት፤ ነጠላውን አስተካከለ፤ ከዚያ ጣቱን ወደ ባሕር ዛፉ ቀሰረ።

«ወፏን እያት! ያቻትና፣ ቅርንጫፉ ላይ!»

ሕይወት ቀና አለች። እሱ በአጥሩ ጥግ እጥፍ ብሎ ጠፋ። ሕፃኗ ዓይኗን ስታወርድ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። አላለቀሰችም። ጥርሷን ነክሳ ወደ ክፍል ገባች። «ይቺስ ጎበዝ ናት፣ አታለቅስም» ይሏታል ሁሉም።

ከሰዓት ሊወስዳት ሲመጣ ሰርካለም በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ወፍ ነበረች?»

«የት?»

«ዛፉ ላይ፣ ጠዋት።»

ሳቀ። ሲስቅ ከቁጣው ቀን ይልቅ ወጣት ይመስላል። «አንዳንድ ቀን ትኖራለች።»

«አትሳቅ... አይሳቁ» አለች። «በየቀኑ ነው የሚያታልሏት።»

«ሁሉም ሰው ለልጁ የሚያደርገው ነው እኮ። ከፊቷ ተነሥቼ ብሄድ ታለቅሳለች።»

«ታልቅስ።»

«ምነው፣ አንቺስ ጨካኝ ነሽ እቴ!»

«አንቺ» ማለቱን ሁለቱም ሰሙት። ማንም አላረመውም።

«ባለፈው ሳምንት አሻንጉሊት ስታጫውት ሰማኋት» አለች ሰርካለም። «‹ነይ፣ አጎትሽ ከረሜላ ይግዛልሽ› ትላታለች። ከዚያ አሻንጉሊቷን ቁም ሳጥን ውስጥ ትከትና በሩን ትዘጋዋለች። ከፍታ፣ ‹ማኪናዋ ሄደች› ትላታለች። ደግማ ትዘጋለች። ሌላ ጨዋታ የላትም።»

መዝሙር ቀስ ብሎ የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ እስከ ደረቱ ደረሰ።

«ከረሜላው ምን ዓይነት ነው አለች?» ሲል ጠየቀ።

«ቀይ።»

ራሱን ነቀነቀ። መቅደላዊት የሄደች ቀን ሕፃኗ እንዳታለቅስ ቤተሰቡ ሁሉ መክሮ ነበር፤ ጎረቤቱም ሸጋ ምክር ነው ብሏል። ሱቅ የወሰዳት እሱ ነው። ሲመለሱ መኪናው ከበሩ ተነሥቶ ነበር። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ምንም እንዳልሆነ መሰሉ፤ ሕፃኗም ከረሜላዋን ይዛ ከክፍል ክፍል ዞረች። ያን ቀንም አላለቀሰችም።

«ምን ላድርግ?» አለ።

«ስትሄድ ንገራት። የት እንደምትሄድ፣ መቼ እንደምትመለስ። ሰዓት አታውቅም፤ እሷ በምታውቀው ንገራት። ደግሞ አንድ የራስህን ነገር ተውላት።»

በማግሥቱ መዝሙር በሩ ላይ ተንበረከከ። «እኔ አሁን ደብር ነው የምሄድ» አላት። «ዳቦ ትበያለሽ፣ እጅሽን ትታጠቢያለሽ፣ ትተኛለሽ፤ ስትነሺ እመጣለሁ።» ከአንገቱ ጥቁሩን መቁጠሪያ አውልቆ ኪሷ ውስጥ ከተተው። «ይኼን ሳልወስድ አልቀርም።»

ሕይወት ጮኸች። ለወራት ያልወጣው ልቅሶ በአንድ ጊዜ ወጣ። ነጠላውን ጨምድዳ ይዛ መሬት ላይ ተንፈራገጠች። መዝሙር ጎርፍ እንደሚወስደው ሰው ሰርካለምን አያት።

«ሂድ» አለችው። «ግን ዞር እያልክ እያት። እንዳትሰወርባት።»

እየዞረ እያየ ሄደ። ድልድዩ እስኪደርስ ጩኸቱ ተከተለው። ሰርካለም ሕፃኗን አቅፋ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ «ሄደ፣ ያሳዝናል። ይመጣል» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም። እትዬ ጥሩ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ጃን ተከል አደባባይ ድረስ ተሰምቷል» አሉ። «አሁን ሰዉ ምን ሆኑ ብሎ ይመጣል፤ ቆይ።»

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሰርካለም በመስኮት ስታይ መዝሙር አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ቆሟል። ወጣች።

«ስትነሺ ነው ያልካት። ገና ተኝታለች።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እሷን እንቅልፍ ወሰዳት። እኔን አልወሰደኝም።»

በዚያ ቀትር ፀሐይ፣ በዚያ አቧራማ አጥር ሥር፣ ይህን ሰው ለብዙ ጊዜ እንደምታውቀው ተሰማት። ገብታ አንዲት የልጆች ወንበር አወጣችለት።

ልቅሶው ቀን በቀን እየቀነሰ ሄደ። መዝሙር መምጫው ሳይደርስ አይመጣም፤ ከደረሰም አያሳልፍም። አንድ ቀን ልጆቹ ሲረባበሹ መቋሚያውን ይዞ መሀላቸው ቆመና የደብሩን ዝማሜ አሳያቸው፤ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ወደ ግራ ዘንበል፣ ቀስ እያሉ፣ ትንፋሽን ከእንቅስቃሴው ጋር እያስኬዱ። ሠላሳ ሕፃናት እንደ ነፋስ የነካው የስንዴ እርሻ ተወዛወዙ። ሰርካለም ከዚያ ወዲያ የማረፊያው ምንጣፍ ላይ ያንኑ ትጠቀምበት ጀመር። ሕይወት ልቧ ሲሞቅ ራሷ ወደ ምንጣፉ ሄዳ ዘንበል ዘንበል ትላለች። አብዮትም ካጠገቧ ሲነሣ «ውኃ ልጠጣ ነው፤ እመጣለሁ» እንዲል ተለማመደ። እጁን መያዟ አልቀረም። ጥርሷ ግን አረፈ።

በየቀኑ ከሰዓት፣ ሕፃኗ ጫማዋን እስክታደርግ፣ ሁለቱ በሩ ላይ ያወራሉ። እሱ ስለ ተማሪዎቹ ይነግራታል፤ እሷ ስለ ተወለደችበት ወገራ ብርድ። አንዳንዴ ሳይነጋገሩ ይቆማሉ፤ ያም ያው ነው።

«ጫማ ማሰር እኮ እንዲህ አይረዝምም ነበር» አሉ እትዬ ጥሩ አንድ ቀን ለባልዲያቸው። «ልጅቷም ገብቷት ነው የምትዘገየው።»

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ሰርካለምና መዝሙር የፋሲል መዋኛን አጥር ተከትለው ሄዱ። ገንዳው ገና ውኃ አልገባበትም። የዛፎቹ ሥሮች የድንጋዩን ግንብ እንደ ጣት ጨብጠውታል። መዝሙር ከሥሮቹ አንዱ ላይ እጁን አሳርፎ ቆመ።

«አባቴ ሚስት ምረጥ ይሉኛል» አለ። «ከአንድ የቄስ ቤት ልጅ አስበውልኛል። በቁርባን አግብቼ ቅስና እንድቀበል ነው የሚመኙት። እሳቸው ድምፅ እንጂ ክህነት አልነበራቸውም፤ በእኔ እንዲሞላላቸው ነው።»

«ምን አልካቸው?»

«መርጫለሁ ልላቸው ነው። አንቺን ሳልጠይቅ ግን አልልም።»

ሰርካለም ሳቅ መጣባት፤ ወዲያው ከፊቷ ጠፋ። ይህ ሰዓት እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ሳትናገር ያሳለፈችው እያንዳንዱ ቀን ለራሷ የሰጠችው ስጦታ ነበር።

«መዝሙር፣ እኔ ፈት ነኝ።»

እጁ ሥሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለው ቀበሌያችን፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ድረውኝ ነበር። ሁለት ክረምት ኖርኩ። ከዚያ አጎቴ ዘንድ ሸሽቼ ትምህርቴን ቀጠልኩ። ዲያቆን ፈት ሲያገባ የሚሆነውን አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። ከመቅደስ ይወጣል፤ ዲቁናው ይቀራል፤ ቅስናም አይኖርም። ቀና ብሎ አላያትም። ዝምታቸው በር ላይ እንደለመዱት ዓይነት ዝምታ አልነበረም።

«ደወል ተደወለ» አለ በመጨረሻ። «ልሂድ፣ ይፈልጉኛል።»

ነጠላውን አስተካክሎ በግንቡ ጥግ እጥፍ ብሎ ሄደ። ደወል አልተደወለም ነበር። ሰርካለም ቀና ብላ ዛፉን አየች። ወፍም አልነበረችም።

ሰኞ ሕይወትን ያመጧት አያቷ ናቸው። ማክሰኞም እሳቸው። መሪጌታ በሩ ላይ ትተዋት እያዘገሙ ይመለሳሉ። መቁጠሪያው ሕፃኗ ኪስ ውስጥ ነው፤ የሚወስደው ሰው አልመጣም። መዝሙር ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ ሆኖ ነበር፤ ሕፃኗ ስትነቃ የለም፣ ስትተኛ የለም።

ዳቦ ተበላ፣ እጅ ተታጠበ፣ ተተኛ። ሕይወት ስትነሣ በሩን ታያለች። በሳምንቱ መጨረሻ ዝማሜውን ተወች። ዐርብ ዕለት አብዮት፣ እንደ ልማዱ ረስቶ፣ ምንም ሳይናገር ከአጠገቧ ብድግ አለ። ጉንጩን ነከሰችው፤ ደም ወጣ።

ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል አልጮኹም። «ሰኞ አያቷን አነጋግራለሁ» አሉ ብቻ።

ሰርካለም የዚያኑ ቀን ድልድዩን ተሻግራ ወደ ደብሩ ወጣች። መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ከጥዱ ሥር ከተማሪዎቻቸው ጋር ተቀምጠው ነበር።

«ማን ልበል?»

«የሕይወት አስተማሪ ነኝ፣ የኔታ።»

«እህ። ሸጋ፣ እንኳን መጣሽ። ልጠይቅሽ የምፈልገው ነገር ነበረኝ። ምነው ይቺ ልጅ የመዝሙርን መቁጠሪያ በጥርሷ ይዛ ትተኛለች? ላላቅቃት ብል እንቢ አለች።»

ያኔ መዝሙር ኅብስት ከሚጋገርበት ከቤተ ልሔሙ ብቅ አለ። እጁ ዱቄት ነክቶታል። አያትና ቆመ።

«ዲያቆን» አለች። ወደ «እርስዎ» ተመልሳ ነበር። «ለራሴ የመጣሁ እንዳይመስልዎ። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ደወል መደወሉንና አለመደወሉን ለይቼ አውቃለሁ። እሷ ግን አታውቅም። ዛሬ የሰው ልጅ ጉንጭ ነክሳለች፤ ሰኞ ከትምህርት ቤት ትወጣለች። ሰው ይሄዳል፤ መሄድ ነውር አይደለም። ነግረዋት ይሂዱ።»

ድምፅዋ ሊከዳት ሲል አቆመች፤ ለመሪጌታ እጅ ነሥታ ወጣች።

«የምን ደወል ነው?» ሲሉ ጠየቁ መሪጌታ።

ሰኞ ጠዋት ሕይወትን ያመጣት መዝሙር ነው። አስቀድሞ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ቢሮ ገባ፤ ቆይቶም ወጣ። ቀጥሎ በሩ ላይ ከአብዮት አባት ጋር ተነጋገረ፤ ሰውየው መጀመሪያ ጀርባውን ሰጥቶት ነበር፤ በኋላ ጨበጠው። ከዚያ መጥቶ ሕፃኗ ፊት ተንበረከከ።

«እመጣለሁ ብዬሽ አልመጣሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

ሕይወት ለረጅም ጊዜ አየችው። «ዋሾ» አለችው።

«አዎ።»

«ዛሬስ ትመጣለህ?»

«ዛሬ እመጣለሁ።»

መቁጠሪያውን ከኪሷ አውጥታ አሳየችው፤ መልሳ ከተተችው። መዝሙር ተነሣ፤ ወደ ሰርካለም ዞረ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«አንቺንም...»

«አሁን አትንገረኝ» አለች። «የምትመለስበትን ሳታውቅ ቃል አትስጠኝ።»

«ርእሰ መምህርቷ ለእሷ እስከ ጥምቀት የሰጡትን ጊዜ አጽንተውልኛል። እኔንስ እስከዚያ ትጠብቂኛለሽ?»

ሰርካለም ወደ ክፍሉ ገባች። አዎም እንቢም አላለችም፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።

በዚያ ሳምንት መዝሙር ስልኩን ይዞ ከሕፃኗ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። የመቅደላዊት ፊት ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ኩሽና ውስጥ ቆማለች፤ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«ሕይወቴ፣ ያኔ ደህና ዋይ ሳልልሽ ነው የወጣሁ። ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። አሁን ልበልሽ?»

ሕፃኗ አሰበችበት። «በይ።»

«ደህና ዋይ፣ ሆዴ።»

«ደህና ዋይ» አለች ሕይወት። ያኔ ተደፍታ አለቀሰች፤ ሰርካለም አንድ እጇን፣ መዝሙር አንድ እጇን ይዘው ተቀመጡ። እርስ በርሳቸው ግን አልተያዩም።

በከተራ ዕለት ሰርካለም ከእትዬ ጥሩ ጋር ቀሐ፣ ወደ ፋሲል መዋኛ ወረደች። ሰዉ ከግንቡ እስከ መንገዱ ሞልቷል። ታቦታቱ አንድ በአንድ ሲመጡ ዓይኗ ዲያቆናቱን ይፈልጋል። የመዝሙር ደብር መጣ። ካባ የደረቡት፣ ጽና የያዙት፣ ዣንጥላው ሥር የሚሄዱት ሁሉ ፊታቸው በፊቷ አለፈ። መዝሙር የለም።

ሄዷል ማለት ነው፤ ቅስና ሊቀበል ወደ ጳጳሱ፣ ወይም ወደዚያች የቄስ ቤት ልጅ። በዚህኛውም ጊዜ ደህና ዋይ አላለም። ልትመለስ ዞረች።

«ቆይ እንጂ» አሉ እትዬ ጥሩ ክንዷን ይዘው። «ደብተራዎቹ ገና አላለፉ።»

ደብተራዎቹ በሁለት ረድፍ መጡ። ነጭ ለብሰው፣ ጽናጽል እያሰሙ፣ መቋሚያቸውን ወደ ቀኝ ወደ ግራ እያዘነበሉ። ከታናሹ ረድፍ መጨረሻ ላይ፣ ያለ ካባ፣ ያለ ጽና፣ መዝሙር ነበር። ከመቅደስ ወጥቶ ወደ ማሕሌት የተሻገረ ሰው የሚቆመው እዚያ ነው። ሕዝቡ የሚያየው አንድ ተጨማሪ ነጭ ልብስ ነው። ሰርካለም ግን ምን እንደተወ፣ ስለ ማን እንደተወ አነበበችው። ሊያልፋት ሲል ቀና ብሎ አያት፤ ዜማው አልተቋረጠም፤ መቋሚያው ብቻ በአንድ ምት ዘገየ።

«ምነው አለቀስሽ?» አሉ እትዬ ጥሩ።

«ፀሐዩ ነው።»

«ፀሐዩስ ከኋላሽ ነው፣ ልጄ።»

ትምህርት ሲከፈት ሕይወት ከተባለው ቀን አልፋ ክፍሏ ውስጥ ነበረች። መዝሙር ልክ እንደ ወትሮው ተንበርክኮ ተሰናበታት፤ ግን በሩ ላይ ቀረ። ሰርካለም ጀርባዋን ለልጆቹ ሰጥታ ቆመች።

«አባትህስ?»

«ስነግራቸው ምንም አላሉ። ለብዙ ቀን እህል አብረን አልበላንም። በከተራ ዋዜማ የራሳቸውን ጽናጽል ወልውለው አልጋዬ ላይ አስቀምጠው አገኘሁት።»

«አዝነውብኛል።»

«አዝነዋል። አንቺን ግን ‹ያቺ ነግራችሁ ሂዱ ያለችው› ነው የሚሉሽ።» መሬቱን አየ፤ ከዚያ እሷን። «የዚያን ቀን ከግንቡ ሥር ነግሬሽ መሄድ ነበረብኝ። ፈርቻለሁ ማለት ነበረብኝ።»

«ነበረብህ።»

«ከእንግዲህ የትም ብሄድ እነግርሻለሁ። ቅዳሜ ለምሳሌ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ ከአባቴ ጋር አምባ ጊዮርጊስ ነው የምሄድ። ሽማግሌ ይዤ።»

ሰርካለም አፏን በእጇ ሸፈነች። ከእጇ ሥር ፈገግታዋ ይታያል።

«አባቴ መጀመሪያ ስንት በሬ አለው ነው የሚሉ።»

«መቋሚያ አለኝ በያቸው።»

«በመቋሚያ አይታረስም።»

«ሠላሳ ሕፃን ጸጥ ይደረግበታል። ያንቺ አባት ይህን ማድረግ ይችላሉ?»

ሰርካለም ሳቀች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ። በዚህ ክፍል ውስጥ ስትሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጆቹን አላየችም።

ከኋላዋ እትዬ ጥሩ የአንዷን ልጅ ጫማ እያሰሩ ነው። ጥግ ላይ ሕይወትና አብዮት ወለሉ ላይ ተቀምጠው ከጭቃ በሬ ይሠራሉ። የአብዮት በሬ አንድ ቀንድ ይጎድለዋል። ብድግ አለ። መናገር ረስቷል።

ሕይወት ቀና አላለችም። የዘረጋችውን እግሯን ሰብሰብ አድርጋ መንገድ ለቀቀችለት፤ ማንም እንዳይረግጠውም የሱን በሬ በሁለት እጇ አንሥታ ወደ ራሷ አስጠጋችው። ከዚያ ቀንድ ልትሠራለት ጭቃ ቆነጠረች።

አብዮት በሰርካለምና በመዝሙር መሀል ሾልኮ ወደ ውጭ ወጣ።